ከአፕዴት በኋላ ሊንኩ እምቢ ሲል

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳይታችሁ የተሠራው በዎርድፕረስ፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው፤ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራላችሁ የጫናችሁበትን ፕለጊን አፕዴት አደረጋችሁ። ዋናው ገጽ እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ አንዱን ጽሑፍ ስትነኩት ግን "ገጹ አልተገኘም" ይላችኋል። ሌላውም እንደዚያው። ጽሑፎቹ የትም አልሄዱም፣ በአስተዳዳሪ በኩል ገብታችሁ ብታዩ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። የጠፋው መንገዱ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጥና ያገኘውን ሁሉ ይነካካል። ፕለጊኑን ያጠፋል፣ ያበራል፣ ሌላ ይጭናል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ችግር የቱ እንደነበረና እሱ ራሱ የጨመረው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ። አዎ፣ ተበላሽቶም ቢሆን። ቀጥሎ አንዱን ጽሑፍ በአስተዳዳሪ በኩል ክፈቱና የሚያሳያችሁን አድራሻ ከድሮው ጋር አስተያዩ። አድራሻው ያው ሆኖ የማይከፈት ከሆነ፣ ሳይቱ መንገዱን ረስቷል ማለት ነው። አድራሻው ተለውጦ በአዲሱ የሚከፈት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ዎርድፕረስ ጽሑፎቻችሁን በየፎልደሩ አያስቀምጥም፤ አንባቢ አድራሻ ሲያስገባ ከሕጎች ዝርዝር ጋር ያመሳክርና ጽሑፉን መረጃው ሁሉ ከተከማቸበት ከዳታቤዝ ያወጣል። አፕዴቱ እነዚያን ሕጎች አዛብቷቸው ሊሆን ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ ፐርማሊንክስ የሚለውን፣ ማለትም የአድራሻዎቹን ቅርጽ የሚወስነውን ገጽ ክፈቱ፣ ምንም ሳትቀይሩ ሴቭ በሉ፣ ሕጎቹ እንደ አዲስ ይጻፋሉ። ሳይቱን ለአንባቢ የሚያቀርበው የሰርቨር ፕሮግራም አፓቼ ከሆነና ሕጎቹ የሚጻፉበት ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ላይ ዎርድፕረስ መጻፍ ካልቻለ፣ ፋይሉ ላይ የምትለጥፉትን ኮድ እዚያው ገጽ ላይ ያሳያችኋል። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሌላው የሰርቨር ፕሮግራም ከሆነ ግን ያ ፋይል ምንም አይሠራም፣ የሆስቲንግ ድርጅታችሁን ጠይቁ። ካሹን፣ ማለትም ለፍጥነት የተቀመጠውን የድሮ ቅጂም አጽዱ፣ ከዚያ በኢንኮግኒቶ፣ የድሮ ታሪክ በማይጠቀመው የብራውዘር መስኮት ሞክሩት።

ሁለተኛው ነው ሥራ ያለበት። ፕለጊኑ ራሱ አድራሻ ውስጥ የሚያስገባውን ቃል ከአፕዴቱ ጋር ቀይሮታል፣ ለምሳሌ "ሥራ" የነበረውን "ሥራዎች" አድርጎታል። ወይም ከአድራሻው "ካቴጎሪ" የሚለውን ቃል የሚያወጣው ሴቲንግ ጠፍቷል። እዚህ ላይ ሴቭ ብትሉት ብትሉት ለውጥ የለም።

በአማርኛ ፊደል አድራሻ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ በፐርሰንት ምልክት ሲጻፍ 9 ቁምፊ ይሆናል። ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ መጠሪያ፣ ማለትም አድራሻው ውስጥ ጽሑፉን ለሚለየው ክፍል የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። ስለዚህ 22 ፊደል ገደማ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ረጅም ርዕስ ያላቸው ሁለት ጽሑፎችም በቁጥር ብቻ የሚለያዩ አድራሻዎች ይዘው ይቀራሉ። ይህን ለማስቀረት አማርኛውን ወደ ላቲን ፊደል የሚቀይር ፕለጊን የሚጭን አለ። ያ ፕለጊን በአፕዴት የአጻጻፍ ደንቡን ቀይሮ የድሮዎቹንም እንደገና ከጻፋቸው፣ አድራሻው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ብዙዎች አድራሻ ሲቀየር በራሳቸው ሳይት ውስጥ ያሉትን ሊንኮች ያስተካክሉና ተጠናቀቀ ይላሉ። አልተጠናቀቀም! ሊንካችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተልኳል፣ ሌላ ሰው ሳይት ላይ ተለጥፏል፣ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ገብቷል። እነዚያን ገብታችሁ ማረም አትችሉም። አድራሻ አንዴ ከእጃችሁ ከወጣ የያዙት ሰዎችም ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት የድር ገጾች 38 ከመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ከእያንዳንዱ በስተጀርባ ፈልጎ ያጣ ሰው አለ፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ስለዚህ አሮጌው አድራሻ ራሱ መሥራት አለበት። ሪዳይሬክት አንባቢን ከአንድ አድራሻ ወደ ሌላ የሚልክ ትእዛዝ ነው፤ 301 የሚባለው "ይህ ገጽ ለዘለቄታው ወደዚህ ተዛውሯል" ይላል። ዎርድፕረስ የአንድን ጽሑፍ መጠሪያ ስትቀይሩ አሮጌውን በራሱ ያስታውሳል፣ ፕለጊን የሚያስገባው ቃል ሲቀየር ግን አያስታውስም፤ ሪዳይሬክቱን እናንተ ትጽፋላችሁ። እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ ወደ ራሱ ጽሑፍ ላኩት። ሁሉንም ወደ ዋናው ገጽ መምራት አንባቢን ማንገላታት ነው፣ ጉግልም ገጹ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። መጀመሪያ ጊዜያዊ በሆነው በ302 ሞክሩት፣ ምክንያቱም ብራውዘር 301ን ስለሚይዘው ከተሳሳታችሁ ለማረም ያስቸግራል። ከዚህ በፊትም ቀይራችሁ ከነበር የመጀመሪያውን በቀጥታ ወደ መጨረሻው አገናኙት እንጂ አንባቢውን በየመንገዱ አታዙሩት። ጉግል ሪዳይሬክቱን ቢያንስ 1 ዓመት አቆዩት ይላል። እኔ ግን ጨርሶ አታጥፉት እላለሁ፣ የሚያስወጣችሁ ነገር የለም።

ዳታቤዝ ውስጥ ገብታችሁ አሮጌውን ቃል በአዲስ ለመተካት የምታስቡ ካላችሁ፣ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሴቲንግ የሚቀመጠው ከርዝመቱ ጋር ነው። ከጽሑፉ በፊት 24 የሚል ቁጥር ካለ፣ ዎርድፕረስ ቀጥሎ 24 ባይት ነው የሚጠብቀው። አድራሻውን በረጅም ስትተኩት ቁጥሩ ባለበት ይቀራል፣ ሴቲንጉም አይነበብም። ዎርድፕረስን በትእዛዝ የሚያስተዳድረው መሣሪያ ደብልዩፒ-ሲኤልአይ ይህን ቁጥር አብሮ ያስተካክላል፣ ሳይተካ የሚለወጠውን ብቻ የሚያሳይበት መንገድም አለው።

"ዎርድፕረስ ራሱ ይመልሰው የለ?" የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዎርድፕረስ 6.6 ቅጂ፣ የፕለጊን አውቶማቲክ አፕዴት ሳይቱን ከሥራ ውጭ ሲያደርገው ፕለጊኑን ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ሊንክ ሲበላሽ ግን ሳይቱ ሥራ አላቆመም፣ ስለዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፈዋል። ችግሩ የሚታወቀው እናንተ ካያችሁት ብቻ ነው። ለዚህ የድሮ አድራሻዎች ዝርዝር በእጃችሁ መኖር አለበት። ያልያዛችሁ ጉግል ለሳይት ባለቤቶች ካዘጋጀው ከሰርች ኮንሶል የ404 (ያልተገኙ ገጾች) ዝርዝር፣ ከሰርቨሩ ሎግ (የጎብኝት መዝገብ)፣ ወይም የድሮ ገጾችን ከሚያስቀምጠው ከዌይባክ ማሽን መልቀም ትችላላችሁ። ሳይቱ ጤነኛ የሆነላችሁ ደግሞ የአድራሻዎቻችሁን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፓችሁን አሁኑኑ አውርዱና አስቀምጡ፣ ከሚቀጥለው አፕዴት በኋላ አንድ በአንድ የምትሞክሩት እሱን ነው።

እስቲ ላፕቶፓችሁን ክፈቱ፣ ሳይትማፑን ከማውረድ እንጀምር። ሊንኩ አሁን የተበላሸበት ሰው ካለ ወደ ፊት ይምጣ፣ የእሱን አብረን እናየዋለን።