ስለ ሁለት ሰዓት ፊልም ይቅርታ አንጠይቅም
በሒሳብ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡር የስብሰባው መሪ፣ የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፤

አዘጋጆቹ በሒሳብ መዝጊያ ወቅት የሥራ ቅልጥፍናን ስለማሳደግ እንድናገር ጋብዘውኛል። ግብዣውን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ ይሁን እንጂ ስለ ቅልጥፍና ከዚሁ መድረክ ስንሰማ የኖርን በመሆናችን፣ የተሰጠኝን ጊዜ ማንም ደፍሮ ለማያነሣው ጉዳይ ላውለው ወስኛለሁ። የምናገረው ሥራ ሲበዛ፣ ሌሊቱ ሲረዝምና ቁጥሩ አልገጥም ሲል ፊልም ስለማየት ነው። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ሁላችንም እንደምናይ እናውቃለን፤ በባልደረባ ፊት ማየታችንን ለመናገር ግን እናፍራለን። እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ይኸው እፍረት ነው።

የመዝጊያ ወቅት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የባንክ ማስታረቂያው፣ ሳይወራረድ የቆየው ቅድመ ክፍያ፣ ከመጋዘን ቆጠራው ጋር የማይስማማው መዝገብ፣ ኦዲተሩ ለነገ ጠዋት የሚጠይቀው ሰነድ፣ ሁሉም ተያይዘው ይመጣሉ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ አብራችሁኝ ያሳለፋችሁትን አንድ ምሽት ግን ላስታውሳችሁ።

ያን ጊዜ የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ስም አያስፈልገንም። የሙከራ ሚዛኑ፣ ማለትም የሒሳቦቹ የዴቢትና የክሬዲት ድምር የሚነጻጸርበት ሠንጠረዥ፣ ግራና ቀኙ አልገናኝ ብሎ ሰንብቷል። የኮምፒዩተር ሥርዓቱ ሒሳቡን እንደገና ማስላት ሲጀምር ማንም ምንም መንካት የማይችልበት ረዘም ያለ ጊዜ ስለነበረ፣ ሌላ ጊዜ ያን ሰዓት የምናሳልፈው በስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ስትንፏቀቅ በማየት ነበር። ያን ምሽት ግን ከመካከላችን አንዱ፣ አሁን እዚያ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን የደፋው ወዳጃችን፣ ላፕቶፑን ከስብሰባ ክፍሉ ፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ አንድ የቆየ አስቂኝ ፊልም ከፈተ። ወንበር እየሳብን ተቀመጥን። መጀመሪያ ላይ ማንም አልሳቀም፤ ዓይናችን ግድግዳው ላይ፣ ልባችን ልዩነቱ ላይ ነበር። ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ሌላው ተከተላት፤ በመጨረሻም የክፍላችን አንጋፋ፣ ጥርሳቸውን አይተን የማናውቀው ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ወቅቱ ከገባ ወዲህ ሒሳቡን የረሳነው ያኔ ገና ነው።

ድንገት መብራቱ በራ። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡም፤ ወደ ፕሮጀክተሩ በጣታቸው እያመለከቱ «ይህ ዕቃ ለምን እንደተገዛ የሚያውቅ አለ?» ብለው ሄዱ። በማግሥቱ ለእያንዳንዳችን ቁጥርና ማኅተም ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን፤ ጥፋቱም «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ለግል መዝናኛ ማዋል» የሚል ነበር። እንግዲህ ልጠይቃችሁ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ፕሮጀክተር፣ አንድም ውሳኔ ሳይተላለፍባቸው የተበተኑ ስብሰባዎች ስንት ናቸው? ዓይናችንን እንደገለጥን ያንቀላፋንባቸው ገለጻዎችስ? በእነዚያ ምክንያት ደብዳቤ የተጻፈበት ሰው አለ? የደከመ ሠራተኛ ቢሰለች ሥራ ላይ ነው ይባላል፤ የደከመ ሠራተኛ ቢስቅ ግን ንብረት አባክኗል!

ከፊልሙ በኋላ ስሕተቱን ወዲያው አገኘነው ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ያምር ነበር። አላገኘነውም። የተገኘው ከብዙ ልፋት በኋላ፣ እንደ ሁልጊዜው ደረሰኝ በደረሰኝ ተመሳክሮ ነው። ይህን የምጠቅሰው ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም ለዕረፍታችን የሚሟገቱልን ሰዎች ሳይቀሩ «ያረፈ ሰው የተሻለ ያመርታል» የሚል ማስረጃ ማቅረብ ይቀናቸዋል። ያመርት ይሆናል። ነገር ግን የምሽቴ ዋጋ የሚተመነው ለጠዋቱ ሥራ በሚያስገኘው ትርፍ ከሆነ፣ ምሽቱንም ለአሠሪዬ አስረክቤዋለሁ ማለት ነው።

የእኛ ዓይነቱ ሥራ ቢሮው ተቆልፎም ይከተላል። ጋደም ብለን ዓይናችንን ስንከድን የመጀመሪያው እንግዳ ያው ያልታረቀው ቁጥር ነው፤ «ዝም ብለህ ተኛ» የሚለው ምክርም የማይሠራው ለዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ሳቢነ ሶኔንታግና ሻርሎተ ፍሪትስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሥራ ድካም የማገገሚያ መንገዶችን በአራት ሲለዩ፣ አንደኛው በሐሳብ ከሥራ መለየት ነው። ሰውነት ቤት ገብቶ ሐሳብ ቢሮ ከቀረ ገና አልወጣንም። ፊልም ለዚህ የሚያግዘው ጨለማውም፣ ድምፁም፣ የሰዎቹ ዕጣ ፈንታም ትኩረታችንን ከውጭ ስለሚይዙት ነው፤ የማናውቀው ሰው ከባቡር ይቀር ይሆን ብለን ስንጨነቅ የራሳችንን ጭንቀት ለጊዜው እናስቀምጠዋለን።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሌዮናርድ ራይኔከ፣ ቲሎ ሃርትማንና አሊሰን ኢደን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሥራ በኋላ ይበልጥ የተዳከሙ ሰዎች ቴሌቪዥን ማየታቸውን ሥራን ሆን ብሎ እንደ ማዘግየት ስለሚቆጥሩት በጥፋተኝነት ስሜት እንደሚያዙ፣ ያ ስሜትም ከማየታቸው የሚያገኙትን ዕረፍት እንደሚቀንስባቸው አሳይተዋል። አስተውሉት፤ ዕረፍቱን አብልጦ የሚሻው ሰው አብልጦ የሚያፍረው ነው። ደብዳቤው የተጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሶፋችን ላይ ተቀምጠን ለራሳችን እንደገና እንጽፈዋለን። ፊልሙን አቁመን ኢሜይል እንከፍታለን፤ መልሰን እናስጀምራለን፤ ማን ማንን እንደገደለ ሳይገባን ያልቃል። ይህ ደግሞ ፊልምም አይደለም፣ ሥራም አይደለም።

ነገሩ ቅንጦት ለሚመስለው ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁሉን አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው የዕረፍትና የመዝናናት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ግምት፣ በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ የስትሮክና የልብ ሕመም ሞተዋል። እኛ በመዝጊያ ወቅት 55 ሰዓትን የምናልፈው ሳምንቱ ሳይጋመስ መሆኑን የሰዓት ፊርማችን ይመሰክራል ብል አጋንኛለሁ፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

ፊልም ራሱ ከሠራተኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ካቀረቧቸው አሥር አጫጭር ፊልሞች የመጀመሪያው፣ በሊዮን ከሚገኘው ፋብሪካቸው ሠራተኞች ሲወጡ የሚያሳይ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሥራ ነበር። ካሜራውን የተከሉት ባለ ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ ይሁንና ለዓለም ያሳዩት ሠራተኞቹ ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው። የእኛ ኃላፊዎች ይህን ፊልም ቢያዩት አልጠላም።

ስለ አመራረጡ ብዙ አልልም። ሥራ በሚበዛበት ወቅት፣ መጨረሻ ያለው አንድ ፊልም፣ ሳይጠይቅ ቀጣዩን ክፍል ከሚከፍት ተከታታይ ድራማ ይሻላል፤ ሌሊቱን በልቶ ጠዋት ዕዳ የሚያስቀር ዕረፍት የለም። ከዚህ ቀደም ያያችሁትን መድገምም ነውር አይደለም። ስልኩ ግን ሌላ ክፍል ይደር።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ንግግሬን በሁለት የውሳኔ ሐሳብ አጠቃልላለሁ። በመዝጊያ ወቅት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ክፍያ የሚያስቆም ጉዳይ ካልገጠመ በቀር፣ ለባልደረባ መደወልም ሆነ መልእክት ልኮ ምላሽ መጠበቅ እንዲቀር፤ እንዲሁም የስብሰባ ክፍሎች በሳምንት አንድ ምሽት፣ ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ፣ ፊልም ማየት ለሚሹ ሠራተኞች ክፍት እንዲሆኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበራችን ስም ለአሠሪዎች እንዲጻፍ። ደብዳቤውን እኔ አርቅቄዋለሁ፤ ቁጥርና ማኅተም ብቻ ይቀረዋል። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር፤ ከሌለ ድምፅ ያሰጡልኝ።