ከእንጦጦ በላይ ያሉ ልጅ ከዋክብት

[ምስል፦ እንጦጦ፣ የታኅሣሥ ምሽት፣ 3 ሰዓት። ከባሕር ዛፉ በታች የከተማው መብራት።]

ጋቢዎን ደረብ አድርገው ቀና ይበሉ። ከአናትዎ በላይ የተጠጋጉት ሰባቱ ከዋክብት ናቸው፤ ወደ ምሥራቅ ዝቅ ሲሉ ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ያገኛሉ። መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 38 ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ያነሣቸዋል።

ሰባት እንላቸው እንጂ ከሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ከፀሐይ የቀለሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደብዛዛ ከዋክብት ናቸው። ከአንድ ደመና ከተወለዱ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ለእንዲህ ዓይነት ኮከብ ይህ ልጅነት ነው።

ሰማዩን በቴሌስኮፕ ስናነሣው ግን ከፊትና ከኋላ ያሉ አሮጌ ከዋክብት አብረው ይገባሉ። ታዲያ ያቺ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ የቤተሰቡ ልጅ ናት ወይስ መንገደኛ?

መልሱ ራጅ ነው። ሐኪም ቤት ደረታችንን የምንነሣበት ያው ጨረር፤ እዚህ ግን የምታመነጨው ራሷ ኮከቧ ናት። ልጅ ኮከብ በፍጥነት ትሽከረከራለች። በውስጧ እንደ ሽሮ የሚንተከተከው ጋዝ ከሽክርክሪቱ ጋር ተጣምሮ ብርቱ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፤ እርሱም ከላይዋ ያለውን ስስ ጋዝ ሚሊዮኖች ዲግሪ ያደርሰዋል። እንዲህ የጋለ ጋዝ በራጅ ያበራል። ከምታወጣው ብርሃን ከሺህ አንድ እጅ ያህሉ ራጅ ሊሆን ይችላል፤ የፀሐያችን ከሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ኮከብ ስታረጅ ሽክርክሪቷ ይዘገያል፤ ራጇም ይደክማል። ስለዚህ በራጅ በተነሣ ፎቶ ላይ ልጆቹ ይደምቃሉ፣ መንገደኞቹ ይደበዝዛሉ። በዓይን ብርሃን ከሁሉ ያነሰችው እዚህ ጎልታ ስትወጣ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ራጁ ግን ከእንጦጦ አይታይም። ኮረብታው ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ግን ራጁን ከዚያ እጅግ በላይ ሳለ ውጦ ያስቀረዋል። ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባሉት የራጅ ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ጠፈር የተላኩት ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የኦሪዮን ኔቡላ፣ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በራጅ።]

እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ቻንድራ ይህን ስፍራ በድምሩ ወደ 10 ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ተመለከተ፤ ከ1,600 በላይ ነጥቦችም ተገኙ። ለዓይን ብርሃን መጋረጃ የሆነውን አቧራ ራጁ ዘልቆት ያልፋል።

[ምስል፦ የአንዲት ኮከብ የራጅ መጠን በሰዓታት።]

እያንዳንዷ የጨረር ቅንጣት የደረሰችበት ቅጽበት ተመዝግቧል። መስመሩ ዝቅ ብሎ ሲጓዝ ይቆይና ድንገት ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ በብዙ ሰዓታት ቀስ እያለ ይወርዳል። ፀሐይን የሚያክሉ ልጅ ከዋክብት እንዲህ ያለ ብርቱ ፍንዳታ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ያሳያሉ። በዙሪያቸው ፕላኔት የሚሠራበት የጋዝና የአቧራ ዝርግ ካለ ጨረሩ ያገኘዋል። ኦሪዮን ኔቡላ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ቻንድራ ይህን ፍንዳታ ሲመዘግብ፣ ጨረሩ ከኮከቧ የተነሣው በአክሱም መንግሥት ዘመን ነበር።