የሬድላንድ ማንጎና የአሶሳው ዛፍ

ስለ ሬድላንዱ የፍራፍሬ ፌስቲቫል ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ በጥቂቱ አንሥቼ ነበር፤ ከእናንተም ብዙዎች «ስለ ፍሬዎቹ ነገርከን እንጂ እዚያ ምን እንዳገኘህ አልነገርከንም» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ከዚያ ቦታ ከተመለስኩ ጀምሮ አንዲት ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። እስከ ዛሬ ያቆየኋት መልሷ ይመጣልኛል ብዬ ስጠብቅ ነው፤ መልሱ ግን አልመጣም፤ ስለዚህ ያለ መልስ እነግራችኋለሁ።

ቦታው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከማያሚ በስተደቡብ፣ ሆምስቴድ አጠገብ፣ ከኤቨርግሌድስ ረግረግ ብዙም ሳይርቅ ነው። መሬቱ ዝርግ ሜዳ ነው፤ በአረንጓዴው ብዛት ላየው ሰው እጅግ ለም ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ኖራ ድንጋይ ነው። ቀይ አፈር የሚገኘው በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ በየቦታው ተቋጥሮ ስለሆነ፣ ገበሬዎቹ ድንጋዩን በከባድ ማረሻ አድቅቀው ወይም ቦይ ፈልፍለው በዚያ ስባሪ ውስጥ ነው ዛፍ የሚተክሉት። ፌስቲቫሉ የሚካሄድበት ቦታ ፍሩት ኤንድ ስፓይስ ፓርክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የተቋቋመ፣ 37 ኤከር ማለትም 15 ሄክታር ገደማ የሚሰፋ፣ ከ500 በላይ የፍራፍሬ፣ የቅመም፣ የለውዝና የአትክልት ዓይነቶች የሚገኙበት የሕዝብ ፓርክ ነው። አንድ ደንብ አለው፤ ከዛፍ ላይ መቅጠፍ ክልክል ነው፣ መሬት ላይ የወደቀውን ግን አንሥቶ መብላት ይፈቀዳል። ይህን በሩ ላይ ስሰማ ልቤ ሞቅ አለ፤ አሶሳ፣ እትዬ ግቢ ባደግሁባቸው ዓመታት እኛም የምንተዳደረው በዚሁ ደንብ ነበርና፤ የወደቀ የአንሺው ነው፣ ዛፉ ላይ ያለው ግን የእትዬ ነው፤ በእትዬ ውሳኔ ላይ ደግሞ ይግባኝ እንደሌለ እናንተም በደንብ ታውቃላችሁ።

ሰኔ ነበር፤ ሙቀቱ ከብዶ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደሚወርድ ሰማዩ ያስታውቃል። ሰዉ ከየአገሩ የመጣ ነው። ኩባውያኑ ማሜይ የተደረደረበት ቦታ ተሰብስበዋል፤ ቬትናማውያን እናቶች ሎንጋንና ላይቺ በዘለላ ይመርጣሉ፤ አንድ ህንዳዊ አባት ለልጁ ማንጎ እንዴት እንደሚሸተት፣ አፍንጫውን በእንጨቱ በኩል አስጠግቶ ያሳየዋል። ጥቁር ሳፖቴ የሚባለውን ፍሬ ቀመስኩ፤ ውስጡ እንደ ስሙ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ጊሽጣ ነበረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ካዝሚር አየሁ፤ ሐረርና ድሬዳዋ ያደጋችሁ ካዝሚር ስል የቱን እንደምል ይገባችኋል፤ እንግሊዝኛው ነጭ ሳፖቴ ይለዋል፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ሁሉም ሰው የራሱን ፍሬ ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ቆሜ ሳይ ዋልኩ ማለት እችላለሁ። ዘመድ አውቶቡስ መናኸሪያ የሚቀበል ሰው ፊት ነው ያላቸው። እኔም ያንን ፊት በራሴ ላይ ለማግኘት እየጠበቅሁ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ማንጎ የሚቀመስበት ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። እያንዳንዱ ዓይነት በየሳህኑ ተቆርጦ፣ ፊት ለፊቱ ስሙ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሄደን፣ ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስ፣ ሌሎችም። ሦስቱን ስሞች ሳያቸው ደነገጥኩ፤ ኬንት፣ ኪትና ቶሚ አትኪንስ በላይኛው አዋሽ እርሻዎች የሚበቅሉ፣ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለገበሬ በችግኝ የሚሰጡ ማንጎዎች ናቸው። በኛ ገበያ «የአዋሽ ማንጎ» ሲባል የምናውቀው፣ ክር የሌለው፣ ትልቁና ሥጋው ጥቅጥቅ ያለው ማንጎ የተወለደው እዚሁ ደቡብ ፍሎሪዳ ነው። ኪት ከሆምስቴድ ነው፤ ሚስዝ ጄ. ኤን. ኪት እ.ኤ.አ. በ1939 ከተከሉት ዘር የወጣ። ኬንት ከኮኮናት ግሮቭ ነው፤ በ1932 የተተከለ።

ጠረጴዛውን የያዙት አንዲት አዛውንት ነበሩ፤ የራሳቸው አነስተኛ የፍራፍሬ ማሳ ያላቸው፣ እጃቸው በማንጎ ወተት የጠቆረ። ኪትን ቆርጠው ሰጡኝና «ይህ በአገሬም አለ» አልኳቸው። ኢትዮጵያ ስላቸው ደስ ብሏቸው ሣቁ፤ «እንግዲህ የእኛ ልጅ እናንተ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው» አሉ። ቀጥለው «የእናንተስ? የእናንተ የራሳችሁ ማንጎ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህኛው ጥያቄ አልከበደኝም፤ ስለ እትዬ ዛፍ ነገርኳቸው። ፍሬው ትንሽ እንደሆነ፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ክር እንዳለው፣ ስለዚህም በቢላዋ የማይቆረጥ መሆኑን፣ በእጅ ታሽቶ ታሽቶ ከጫፉ ተበስቶ እንደሚመጠጥ፣ መዓዛው ግን ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ዐይን ዐይኔን እያዩኝ «ከዛፉ ላይ ቀንበጥ የወሰደ ሰው አለ?» አሉኝ።

ከኋላዬ የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ልጅ ሳህኗን ዘርግታ ትጠብቃለች። እኔ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። «ዛፉ አለ፤ ደህና ነው» አልኳቸው፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ይህን አልነበረም፤ ስለ ደህንነቱም ቢሆን እርግጠኛ አልነበርኩም። ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ መነቅነቃቸው የማዘን ይሁን የትሕትና አላውቅም፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እንዲያውም ስሄድ አንድ ሙሉ ማንጎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ታዲያ ለምንድን ነው እኔ እስከ ዛሬ እዚያ ጠረጴዛ ፊት የቆምኩ የሚመስለኝ?

ጥያቄው ለምን እንደከበደ ለመረዳት የማንጎን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከህንድ በኩል የመጡት የማንጎ ዓይነቶች ዘራቸው ሲተከል አብዛኛውን ጊዜ እናታቸውን አይመስሉም፤ ከአንድ ፍሬ ዘር የሚወጣው ዛፍ ሌላ ጣዕም፣ ሌላ ቀለም ያለው አዲስ ዛፍ ነው። እናቱን የሚመስሉም ዓይነቶች አሉ፤ የእትዬ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የመረመረው የለም። ያንኑ ዛፍ ለማቆየት አስተማማኙ መንገድ ቀንበጡን ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማዳቀል ነው። የፍሎሪዳ ማንጎዎች ታሪክ በሙሉ እንዲህ ያለ ታሪክ ነው። ካፒቴን ጆን ሄደን የሚባሉ ጡረተኛ የጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1902 ሙልጎባ የተባለውን የህንድ ማንጎ ዘር ኮኮናት ግሮቭ ተከሉ፤ ዛፉ ፍሬ የሰጠው በ1910 ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀድመው ሞተዋል። ዛፎቹን ጠብቀው ያቆዩት ባለቤታቸው ፍሎረንስ ናቸው። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ማንጎ እጅግ ብዙው በዘር ሐረግ ከዚያች ዛፍ ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ስለ ካፒቴኑ ሳይሆን ስለ ፍሎረንስ ነው የማስበው፤ ባሏ የተከለውን፣ ምን እንደሚሆን ያልታወቀውን ችግኝ ስታጠጣ የኖረችውን ሴት። የቶሚ አትኪንስ ደግሞ ሌላ ነው። የፍሎሪዳ የማንጎ ፎረም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጣዕሙ አይመጥንም ብሎ ደጋግሞ ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር፤ ገበሬዎቹ ግን ቀለሙ ስለሚያምር፣ ብዙ ስለሚያፈራና ረጅም መንገድ ስለሚችል ተከሉት፤ ይኸው በየሱፐርማርኬቱ ሞልቶ እናየዋለን። ጣዕሙ አይመጥንም የተባለው ዓለምን ሲዞር፣ መዓዛው መንገድ የሚያቋርጠው የእትዬ ማንጎ ከአሶሳ አውራጎዳና አልፎ አያውቅም። ይህን ስል ቅሬታ የለኝም... አይ፣ አለኝ። ቅሬታ አለኝ።

«የራሳችሁ» የሚለውም ቃል ቀላል አይደለም። እትዬ ከወሎ ወደ አሶሳ የሄደችው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ነው፤ ይህን ከዚህ በፊት በስፋት ስለተናገርኩ አልደግመውም። ዛፉን አልተከለችውም። ስትደርስ ቆሞ ነበር፤ ያፈራ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት በርታዎች ጎረቤቶቿ ከእሷ በፊት ፍሬውን በልተዋል፤ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ዳኝነት አይተውበታል። የመጀመሪያውን ማንጎ በእጇ አሽታ የሰጠቻት፣ እንዴት እንደሚመጠጥ ያሳየቻት አንዲት የበርታ ሴት ናት፤ እትዬ ቋንቋዋን ሳታውቅ። ስለዚህ ለአዛውንቷ «የእኛ» ያልኩት ዛፍ ከማን ዘንድ ወደ እኛ መጣ? ማንጎ ራሱ አገሩ እስያ ነው፤ የኖረበት ሁሉ ግን አገሩ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ። አምናለሁ ወይስ እንዲሆን እመኛለሁ፣ እሱን ገና አልለየሁም።

ከፌስቲቫሉ ወጥቼ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ለእትዬ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነበር፤ ግን አነሣች። «አብሽር፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ስለ ማንጎው ልጠይቅሽ ነው ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ነጩ ነገር ከጨረሰው ቆየ እኮ» አለችኝ። ቅጠሉ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል አለች፤ ፍሬው ሲመጣም ሐምራዊ ነጠብጣብ ስላለበት ገዢ እንደማይነካው፣ ልጆቹም «ይቆረጥና ለከሰል ይሁን» እያሉ እንደሆነ ነገረችኝ። ነጩ ነገር ነጭ የማንጎ ተባይ ነው። ሴቷ በነጭ ሰም ጋሻ ሥር ተለጥፋ የቅጠሉንና የፍሬውን ፈሳሽ ትመጣለች፤ የተፈለፈሉት ደግሞ በነፋስም፣ ፍሬ በሚታሸግበት ቅጠልም ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ነው፤ ከውጭ ከገባ የማንጎ ችግኝ ጋር ሳይመጣ አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ አሶሳም ደረሰ። የእትዬን የመሰለ ረጅም፣ አሮጌ ዛፍ በትከሻ በሚታዘል መርጫ አይደረስበትም፤ ቅርንጫፉን ገርዞ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ የሚገርዝ ጉልበት ደግሞ ከተማ ገብቷል።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚሰነጠቅብኝ። ኪትን ከሆምስቴድ አንሥቶ አዋሽ ያደረሰው የችግኝ ጉዞ መልካም ነው እላለሁ፤ ብዙ ሰው በልቶበታል፤ ተባዩን ወለጋ ያደረሰውም የችግኝ ጉዞ ነው። አንዱን መርቄ ሌላውን ልረግም? ስምና ባለቤት ያለው ፍሬ ይተርፋል፣ ስም የሌለው ይጠፋል ብዬ ልደመድም ብል፣ ሬድላንድ ራሱ ይመልስብኛል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ያንን ፓርክ ከነዛፎቹ አፈራርሶታል፤ በአካባቢው የነበረው የሎሚ እርሻ ከነፋሱና ኋላ ከመጣው የሎሚ በሽታ በኋላ አላንሰራራም፤ አሁን ደግሞ አቮካዶውን በጥንዚዛ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ እያደረቀው ነው። ልዩነቱ እዚያ ዛፍ ሲወድቅ ቀንበጡ ሌላ ቦታ መኖሩ ነው። ማያሚ የሚገኘው የግብርና ሚኒስቴራቸው የምርምር ጣቢያ የማንጎ ዘር ክምችት አለው፤ ሰዎችም በየጓሯቸው ያዳቅላሉ። አዛውንቷ የጠየቁኝ ይህን ነበር፤ ዛፉ ሲወድቅ የሚነሣበት ሌላ ቦታ አለው ወይ ነው።

የሚደረግ ነገር አለ፤ የለም አልልም። አሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ያረጀ ዛፍም ቢሆን ከተገረዘ በኋላ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ከዚያ ቀንበጥ ቆርጦ በችግኝ ላይ ማጣበቅ የሚችል እጅ በአገሩ አለ። ከዚህ ሆኜ ቀንበጥ አምጡልኝ ማለት አልችልም፤ የድንበር ቁጥጥሩ አይፈቅድም፤ ከተባዩ ታሪክ በኋላም ባይፈቅድ ይሻላል። ለእትዬ ሁሉንም በዝርዝር አስረዳኋት፤ ሰው ልላክ አልኳት። አዳመጠችኝና «ዛፉን ለማትረፍ ነው ወይስ ጣዕሙን?» አለችኝ። ሁለቱም አንድ አይደሉም ወይ ብላት፣ አይደሉም አለች። ግንዱ ሥር ሰው ተቀምጦበታል፣ ታርቆበታል፣ ተለቅሶበታል፤ ያ በቀንበጥ አይሄድም ማለቷ ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ ተረድቼዋለሁ። ከዚያ ግን ወዲያው «ሰውየውን ላከው፤ ይምጣ» አለች። ልትሰናበተኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ደግሞ «ግን ቀድሞ በርታዎቹን ያስፈቅድ» አለችኝ፤ የትኞቹን እንደሆነ ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ባወራን ቁጥርም ወደዚያ ነገር ልመልሳት ስሞክር ስለ ሌላ ታወራኛለች፣ እኔም...