ጀልባ የት ይደር? ከክብራን ጀርባ እስከ ካሪቢያን

[ጠዋት፣ ባህር ዳር፣ ውሃው ዝርግ ብሏል]

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ጣና ላይ ሆነን ነው የምናወራው ግን ወሬው ካሪቢያን ድረስ ይወስደናል። አብሮ አደጌ አለ፣ አሁን ውጪ ነው የሚኖረው፣ ባለፈው ጥር ከስራ ጓደኞቹ ጋር የሸራ ጀልባ ተከራይተው ደሴት ለደሴት ሊዞሩ ሄዱና በሁለተኛው ሌሊት ደወለልኝ። "ከተራራ ጀርባ ነው መልህቅ የጣልነው፣ ነፋሱም ይሄን ያህል አይደለም፣ ግን ጀልባዋ እንደ ወተት ቅል እየናጠችን ነው፣ ሰው ሁሉ እያስመለሰው ነው" አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የጣና ልጅ ነው ብሎ ነው መሰለኝ የደወለው። ያቺ ስልክ ናት ይሄን ቪዲዮ ያሰራችኝ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። ፈረንጆቹ ዊንተር ሲሉ እኛ ክረምት ብለን እንተረጉመዋለን አይደል፣ እዚ ጋ ግን ያሳስታል፣ የነሱ ዊንተር የኛ በጋ ነው። የኛ ክረምት ደሞ እዛ ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ እሱ በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ስለዚ ባለጀልባ ሁሉ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚጎርፈው። ያኔ ትሬድ ዊንድ የሚባለው ነፋስ ከምስራቅና ከሰሜን ምስራቅ ቀን ከሌት ይነፍሳል፣ ገና አካባቢ ሲበረታ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትርን ሊያልፍ ይችላል።

[ጀልባ ውስጥ፣ የክብራን ገብርኤል ደሴት ከፊት እየቀረበ]

የኛ ነፋስ እንደዛ አይደለም። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፣ ከዛ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው አየሩ ወደ ላይ ይነሳና ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ ዳር ይመጣል፣ ማታ ደሞ ይገለበጣል። ጀልባ ነጂዎቹ በጠዋት እንውጣ እያሉ የሚጨቀጭቁን ለዛ ነው። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳን 15 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደዚ አይነት ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭር አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ከሰዓት ጀልባዋን በጥፊ በጥፊ ነው የሚላት።

እና የሚነዱን ጋሼ ደሴቱን ዞረው ወደ ባህር ዳር በሚያየው በኩል ሞተር አጠፉ። እዚ ለምን አልኳቸው። "ቀና በል" አሉኝ፣ አናቱ ላይ ያለው ዛፍ ይወዛወዛል፣ እኛ ጋ ቅጠል አይነቃነቅም። "ደሞ በዛ በኩል ገመድ ቢበጠስ ባሕሩ ድንጋይ ላይ ነው የሚጥልህ፣ እዚህ ቢበጠስ ወደ መሃል ይወስድሃል፣ ሞተር እስክታስነሳ ጊዜ አለህ።" በቃ ይቺ ናት፣ የትም ባህር ላይ ያለ መርከበኛ የሚነግርህ ይሄንኑ ነው።

[ካርታ፦ ማርቲኒክ፣ ዶሚኒካ፣ ሴንት ሉሺያ]

ወደ ካሪቢያን እንመለስ፣ ነፋሱ ከምስራቅ ከሆነ ጥግ፣ ማለት ከነፋስ የተከለለው ቦታ፣ የደሴቱ ምዕራብ ነው። እዛ ያሉት ደሴቶች አብዛኞቹ ተራራማ ናቸው ይከልላሉ፣ ግን ተራራ ሲባል እንዳትደነግጡ፣ የዶሚኒካ ትልቁ ተራራ 1,447 ሜትር ነው፣ እኛ አሁን ታንኳ ላይ ተቀምጠን ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነን ሃሃ። ብቻ በሸለቆ በኩል ነፋስ ተጠራቅሞ ድንገት ይወርዳል፣ ከሸለቆ አፍ ፊት ለፊት አለመቆም ነው።

እሺ አብሮ አደጌስ ምዕራቡን ይዞ አልነበረ እንዴ፣ ምን ነካው?

[ሳፋ፣ ውሃ፣ መሃል ላይ ድንጋይ]

ይሄን ከእናቴ ጓዳ ነው ያመጣሁት፣ ድንጋዩ ደሴት ነው በሉ። በዚ በኩል በሳህን ውሃውን ቀስ ብዬ ገፋ ሳደርገው እዩት፣ ማዕበሉ ድንጋዩን በግራም በቀኝም ታጥፎ ከጀርባው መጣ! ነፋስ ግን የለም። ስዌል የሚሉት ይሄ ነው፣ ሩቅ የተነሳ ረጅም ማዕበል። በዊንተር ሰሜን አትላንቲክ ላይ ከባድ ወጀብ ይነሳል፣ ማዕበሉ በሺ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሰሜን ይደርስና ታጥፎ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ጥግ ይዘናል ብለው የተኙትን ሰዎች ያገኛቸዋል። ጀልባ ደሞ መልህቅ ላይ ስትቆም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ነው የምታዞረው፣ ነፋሱ ከምስራቅ ስዌሉ ከሌላ ጎን፣ ስለዚ ጎኗን እየተመታች ወዲያ ወዲህ ስትናጥ ታድራለች። ያ ነው ቅሉ።

መፍትሄው ምዕራብ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሰሜኑም የተዘጋ ቦታ መፈለግ ነው። ለምሳሌ ዶሚኒካ ፖርትስማውዝ ላይ ካብሪትስ የሚባል ጉብታ በሰሜን በኩል ወደ ባህሩ ወጣ ብሎ እንደ ክንድ ያቅፋል። ትንበያ ስታዩም የነፋሱን ብቻ አይታችሁ ስልኩን አትዝጉት፣ ዊንዲ የሚባለው የአየር ትንበያ አፕ ላይ ስዌሉ ለብቻው አለ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ቁመቱና በስንት ሰከንድ ልዩነት እንደሚመጣ። ሰከንዱ በረዘመ ቁጥር ይበልጥ ይታጠፋል፣ ከ12 ሰከንድ በላይና ከሰሜን ከሆነ እኔ ብሆን ቦታ እቀይራለሁ።

ባሃማስ ላይ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደሴቶቹ ዝርግ ናቸው፣ ከሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አየር በየሳምንቱ ምናምን ይወርዳል፣ ያኔ ነፋሱ ከደቡብ ወደ ምዕራብ ከዛ ወደ ሰሜን እየዞረ ይመጣል፣ ማታ ጥግ የነበረው ቦታ ንጋት ላይ ወጥመድ ነው። አየሩ ከመድረሱ በፊት በቀን ብርሃን መነሳት ነው። ሪፍ የሚሉት የኮራል ግንብ ጀርባ የሚቆሙም አሉ፣ ቶባጎ ኬይስ የሚባሉት የካሪቢያን ደሴቶች ጋ እንደዛ ነው፣ ማዕበሉን ይሰብርላችኋል ነፋሱን ግን አያስቆምም፣ እኔ እንጃ እዛ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

መልህቁን ቶሎ ልበላችሁ። አሸዋ ላይ ጣሉ፣ የባህር ሳር ላይ ይንሸራተታል፣ ኮራል ላይ ጭራሽ አይጣልም። ውሃው 4 ሜትር፣ ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 1 ሜትር፣ 5 ሆነ፣ ይሄን በ5 ወይ በ7 አባዙ፣ ከ25 እስከ 35 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል። ሰው ሰንሰለት ሲቆጥብ ይገርመኛል፣ መልህቁ የሚይዘው አግድም ሲጎተት ነው፣ ወደ ላይ ከተሳበማ ይነቀላል።

ልጁ በነጋታው ሰሜኑ የተዘጋ ቦታ አግኝቶ ፎቶ ላከልኝ፣ ጠረጴዛ ላይ እስከ አፉ የሞላ ስኒ፣ ስሩ "ተኛን" ብቻ ይላል።

[የነፋስ ድምፅ]

ቆይ፣ ስንት ሰዓት ነው? ጋሼ 8 ሆኗል እያሉ ነው፣ ያው እዩት ከክብራን ወዲያ ነጭ ነጭ እያለ ነው፣ ማይኩም አሁን ምንም አይሰማላችሁም። ሳፋውን አንሳልኝማ፣ እናቴ ትፈልገዋለች…