በእርሳስ የተጻፈች መስመር

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናቡ ለቆታል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ያው እሱንም አብራችሁ ስሙት።

የዛሬው ወሬዬ በልብ ወለድ ውስጥ ከራሱ ጋር የሚጣላን ሰው እንዴት እንደምንጽፍ ነው። በአንድ ሰውዬ ልጀምር። ያኔ 12 ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አባወራ አረፉ። ከሟቹ ጋር ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤት ነበሩ። የጠቡ መነሻ የጎርፍ ቦይ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ውኃው በማን አጥር ሥር ይለፍ የሚል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለ፣ የእንኳን አደረሰህ የለ፤ መንገድ ላይ ከተገጣጠሙ አንደኛቸው ይሻገራሉ። ታዲያ የለቅሶው ዕለት የዕድሩ ድንኳን ሲመጣ ማን ቀድሞ ምሰሶ ተሸከመ? እኚሁ ሰውዬ። ድንኳኑን ተከሉ፣ አግዳሚውን ደረደሩ፣ ውኃ አስቀዱ። ሦስቱንም ቀን ከቦታው አልጠፉም። ግን አንዴም ገብተው አልተቀመጡም። ሴቶቹ «ኧረ ይግቡና እህል ይቅመሱ» ሲሏቸው «ቆዩ፣ ይቺን ካስማ ላጥብቃት» ይላሉ። ካስማዋ እኮ ከጠበቀች ቆይታለች! እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ እስከ አንገቷ መሬት ገብታለች፣ ድንጋዩ ግን አሁንም ይወርድባታል።

ምን እንደተሰማቸው የነገረኝ የለም። እሳቸውም ለማንም የተናገሩ አይመስለኝም። ገብተው ቢቀመጡ የዓመታት ቂማቸውን እንደ መካድ ነው፤ ባይመጡ ደግሞ ከሰው ተራ መውጣት ነው። ስለዚህ በር ላይ ሆነው ካስማ ይመታሉ።

ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ያገኘሁትን ሳነብ ኖሬያለሁ። ዞሬ ዞሬ የምመለሰው ግን ወደዚያች ካስማ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነውን ታስታውሱ እንደሆነ፣ የአማርኛ መምህራችን ግጭትን ሰሌዳ ላይ ይዘረዝሩልን ነበር። ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከኅብረተሰብ፣ ሰው ከራሱ። ፈተና ላይ ይመጣላ፣ እንሸመድደዋለን። «መቼት» የሚለውንም ቃል የተማርነው ያኔ ነው፤ «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት መሆኑን ሳውቅ ሳምንት ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። ወደ ነገሬ ልመለስ። ያ «ሰው ከራሱ» የሚሉት ለረጅም ጊዜ አሳስቶኛል። በሩን ዘግቶ፣ ግንባሩን ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ይመስለኝ ነበር። ስጽፍም እንደዚያው። አንዴ የቆየ ረቂቄን አውጥቼ ሳነብ «ልቧ ለሁለት ተከፈለ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰባት ቦታ አገኘሁ። ሰባት! «ሕሊናዋ ወቀሳት»ንማ አልቆጠርኩትም። ሕሊና እንደ ሰፈር ሽማግሌ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ምክሩን ሰጥቶ ይወጣል።

አሁን ስለ አስካለ ልንገራችሁ።

አስካለ በአንድ አጭር ልብ ወለዴ ውስጥ ያለች የዕድር ገንዘብ ያዥ ናት። ዓመት ከመንፈቅ ይዛኛለች። የዕድሩን ገንዘብ ትነካለች፤ ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ ስጽፋት ስግብግብ አደረግኳት። ወርቅ ትወዳለች፣ ጎረቤት የገዛውን ትመኛለች፣ ወሰደች። የማማክራት ጓደኛ አለችኝ፤ የሰፈሯ ዕድር ጸሐፊ ናት፣ ለማንም አታጎበድድም። አንብባ ስትጨርስ «ይቺ ሴትዮ ሰው አይደለችም፤ ቀሚስ የለበሰች ጥፋት ናት» አለችኝ።

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ብልጠት መስሎኝ ልጇን አሳመምኩባት። ሆስፒታል፣ ማስያዣ፣ መድኃኒት። አሁንስ ማን ይፈርድባታል አልኩ። ጓደኛዬ እንደገና አነበበችና በዚህኛው ይባስ ተናደደች። «ልጇ እየሞተ ነዋ፣ ትውሰድ! እኔም እወስዳለሁ። ምኑ ነው የሚያስጨንቃት?» አለች።

ልክ ናት። ለገጸ ባሕርይዋ ሰበብ ሰጥቼ ግጭት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ሰበብ ደግሞ አንዱን መንገድ ይዘጋዋል። የልጅ ነፍስና የዕድር ሣጥን ሚዛን ላይ ቢወጡ መልሱ ያለቀ ነው፤ ሴትየዋ የምትመርጠው ነገር የለም። የእኔ ፍርኃት ነው ለካ፤ አንባቢ እንዳይጠላት ፈርቼ ከጥፋቷ አወጣኋት። ከጥፋቷ ስትወጣ ከሰውነቷም ወጣች።

ጓደኛዬ በዚያ አላበቃችም። «ደግሞስ ገንዘቡ ያለው ባንክ ነው፤ ሦስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። የት አግኝታ ነው የምትሰርቀው?» አለችኝ። እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ስለ ሴትየዋ ነፍስ ገጽ በገጽ ስጽፍ፣ እጇ ገንዘቡ ላይ እንዴት እንደሚደርስ አላሰብኩም። እስኪ አስረጂኝ አልኳት። አስረዳችኝ። የወሩ መዋጮ እሑድ ይሰበሰባል፣ ካርኒ ይቆረጣል፣ ተቆጥሮ ተፈርሞ ለገንዘብ ያዧ ይሰጣል። ባንክ እሑድ የለም። ሰኞ ጠዋት ይገባል።

ከእሑድ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት። አንዲት ሌሊት።

የጎደለኝ ይህ ነበር። ግጭት ቀጠሮ ይፈልጋል። ለሴትየዋ ጊዜ በሙሉ ከሰጠኋት ታስባለች፣ ትተዋለች፣ ትረሳዋለች። አንዲት ሌሊት ብቻ ከሆነች ግን፣ 120 አባል መቶ መቶ ብር ያዋጣው 12,000 ብር በስካርፕ ተቋጥሮ ከትራሷ ሥር አለ፤ ሲነጋ አይኖርም።

ታዲያ በዚያች ሌሊት ማን ይምጣባት? ሌባ አይደለም፣ በሽታም አይደለም። አበልጇ መጣ። የልጇ የክርስትና አባት። የሱቁን ኪራይ ሳይከፍል ቆይቶ ዕቃው ደጅ ሊወጣ ነው። 6,000 ብር ቢያገኝ፣ በአሥራ አምስት ቀን ይመልሳል። አስካለ የራሷ 6,000 ብር የላትም። «የለኝም» ብትለው እውነት ነው። ግን ሰፈሩ ሁሉ እሑድ ዕለት ገንዘቡን ስትቆጥር አይቷታል፤ እሱም አይቷታል። ስለዚህ «የለኝም» የሚለው እውነት ከአፏ ሲወጣ ውሸት ሊመስል ነው። «የዕድር ነው፣ አልነካም» ብትል ደግሞ አበልጇን በሌብነት ጠየቅኸኝ ማለቷ ነው።

እዚህ ስደርስ ነው ሴትየዋ መተንፈስ የጀመረችው። አስካለን ገንዘብ ያዥ ያደረጋት ምንድን ነው? ሰው ማስቀየም አትችልም፤ ቃሏ አይታጠፍም፤ የሰው ዓይን ትፈራለች። ለዚያ ነው 120 ሰው ያመናት። ገንዘቡን ያስነካትስ ምንድን ነው? ያው ራሱ ነው። ሰው ማስቀየም አትችልም። አደራ ያስጠበቃትም አደራ ያስበላትም አንድ ጠባይ ነው፤ ስሙም ይሉኝታ።

ይሉኝታን እስኪ ረጋ ብላችሁ እዩት። ከ«ይሉኝ» ነው የመጣው፤ ምን ይሉኝ። የሚሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ የሚባልብኝ ነኝ። ሁለታችንም እዚያው አንድ ቃል ውስጥ ታጭቀናል። በአማርኛ ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ ብቻውን አይደለም ማለት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ጎረቤት አለ፣ አበልጅ አለ፣ የሞቱ እናት አሉ። ደግሞ ሆዳችን ራሱ ሌላ ሰው ነው። «ሆዴ አልቆርጥ አለኝ» እንላለን። ማነው እምቢ ያለው? ሆድ! እኔማ ወስኜ ነበር። «አንጀቴ አልችል አለ»፣ «እግሬ አልሄድ አለኝ»። አንድ ሰውነት ውስጥ ስንት እምቢ ባይ አለ! ዳዊትም «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» ሲል ነፍሱን አንቺ ብሎ ፊት ለፊቱ አስቀምጧት ነው። ስለዚህ «ልቧ ለሁለት ተከፈለ» ብዬ ማወጅ ምን አስጨነቀኝ? ቋንቋው ከፋፍሎ ሰጥቶኛል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ብዙዎች ግን ያወቁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ነው። በዛብህን አስቡት። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውበታል። ስለቱን እሱ አልተሳለም። ያሰሩት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፣ ያሰሩትም ስለሚወዱት ነው። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ሲወዳት፣ ስለቱን «የሌላ ሰው ነው» ብሎ እንዳይጥለው እሱም ያምንበታል። ፊታውራሪ መሸሻን የሚያህል ጠላት ከውጭ አለ፣ አዎ፤ ግን ፊታውራሪው ጨርሶ ባይኖሩ ኖሮም በዛብህ እንቅልፍ የሚያገኝ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

እንዲያውም ከእሱ ይልቅ ልቤ የሚሄደው ወደ ካሳ ነው፤ ሰዎች ጉዱ ወደሚሉት። የሚነቅፈው ሥርዓት የገዛ ዘመዶቹ ቤት ነው። ጠላቶቹን የሚነቅፍ ሰው ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ዘመዱን የሚነቅፍ ሰው በነቀፈ ቁጥር ከራሱም ይቆርጣል። ስሙን «ጉዱ» ማለታቸው ራሱ ትልቅ መላ ነው፤ እብድ ካልነው የሚለውን መስማት የለብንማ።

ወደ አስካለ። ቀሪው ችግር እንዴት አድርጌ ላሳያት የሚል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ላስለቅሳት? ከራሷ ጋር ላስወራት? ሞከርኩ፤ የሬዲዮ ድራማ ሆነብኝ፣ ያውም ደካማ። ከዚያ የሰውዬው ካስማ ትዝ አለኝ። እጃቸው ምን ነበር የሚሠራው? የአስካለስ እጅ ምን ይሠራል? ገንዘብ ያዥ ናት፤ እጇ ይጽፋል። መዝገቡ ላይ ዘወትር በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የምትጽፈው፤ ቁጥሯ እንደ ተለቀመ ጤፍ የጠራ ነው። ያን ሰኞ ባንክ 6,000 ብር ብቻ አስገብታ መጣችና መዝገቡን ገለጠች። እስክሪብቶው እዚያው አለ። የልጇን እርሳስ ከቦርሳዋ አወጣችና 6,000 ብላ በእርሳስ ጻፈች።

ከዚህ በላይ አልጻፍኩም። እርሳስ ይጠፋል። የምትመልሰው እንደሆነ ታምናለች፤ የማትመልሰው እንዳይሆን ፈርታለች፤ ሁለቱም እዚያች ግራጫ ቁጥር ውስጥ አሉ። ጓደኛዬ ይህን ስታነብ ምንም አላለችም። ሻይዋን ጠጣች። «ከዚያስ?» አለች። ከዚህች ልጅ አፍ «ከዚያስ» የሚለውን ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያማ ሐሙስ ንጋት ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ሰፈር ውስጥ የኖረ ያውቃታል ያቺን ድምፅ፤ ገና ከብርድ ልብስ ሳይወጣ ሰው «ማን ይሆን?» ይላል። አስካለ ግን ከ«ማን» በፊት «ስንት» አለች። የሟቹን ስም ሳትሰማ ባንክ ያለውን ቀነሰች፣ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን አወጣች፣ ይበቃ እንደሆነ አሰላች። በቃ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች፤ አለቀሰችም፣ ከልቧ። ያ ልቅሶ የእውነት ነው፤ ስሌቱም የእውነት ነው። አንዱን አውጥቼ ሌላውን ላስቀር ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ካልነበሩ ሴትየዋ ትፈርሳለች።

መጨረሻውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ጸሐፊዎች «ገጸ ባሕርይዋ ራሷ መራችኝ» ሲሉ ትሰማላችሁ። እኔን ማንም አልመራኝም፤ ወገቤ ነው የተቀጨው። በአንዱ ላጲስ አስነሥቼ አስጠፋኋት፤ ውሸት ሆነ። በአንዱ ስብሰባ ላይ አቆምኳትና አስናዘዝኳት፤ ጥሩ ንግግር አደረገች፣ ንግግሩ የእኔ ነው።

ትናንት ማታ አራተኛውን ጻፍኩ። አበልጇ በቀኑ አልመለሰም። አስካለ መዝገቡን ገለጠች፣ እስክሪብቶውን አነሣች፣ በእርሳሱ ላይ 6,000 ብላ ደገመችበት። ከጎኑም «ቀሪው 6,000 በእኔ እጅ የሚገኝ» ብላ ስሟን ጽፋ ፈረመች። በእጇ የለም። በማን እጅ እንዳለ ታውቃለች፣ እሱን አልጻፈችም።

ለጓደኛዬ በስልክ አነበብኩላት።

«አሁንም እኮ የጻፈችው ውሸት ነው» አለች።

«አዎ።»

ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «እኔም ብሆን የሱን ስም አልጽፍም» አለችኝ።

በሉ፣ ዝናቡም አባራ። ደህና ሁኑልኝ።