መቶ ዶላር፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ሪል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ የምቀዳውም መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ በርክ ሌክ ፓርክ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውሃው ዳር ነበርኩ። ጫማዬ ርሷል። ዘንጌ ከኋላ ወንበር ተነስቶ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል አልፎ ጫፉ ዳሽቦርዱ ላይ አርፏል። በመሃል ኮሽታ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ላወራ ነው። ስለ ባስ ማጥመጃ፤ ባስ እዚህ አሜሪካ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር የዓሣ ዓይነት ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ትንሽ ልጅ ነው።

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወንድማችን ጠጋ አለኝ። አሜሪካ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሁለት ሥራ ይሠራል። የ8 ዓመት ልጅ አለው። «ልጄ ዓሣ እናጥምድ እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ሱቅ ሄጄ ግድግዳው ሙሉ ዘንግ ሆኖብኝ ግራ ገብቶኝ ተመለስኩ። ስንት ይበቃኛል?» አለኝ። «100 ዶላር ይበቃሃል» አልኩት። «ደህና ነገር ይገኛል በዚህ?» «በደንብ!» ለምን 100 እንዳልኩ ላስረዳው ስጀምር ልጁ እጁን ይጎትተው ጀመር። ተለያየን። ሳምንቱን ሙሉ ጉዳዩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እና ወንድሜ፣ መልሱ ይኸውልህ።

ከሐዋሳ ልጀምር። እኔ ያደግኩት እዚያ ነው። ልጅ ሆነን ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረንም። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ የተጠቀለለ የናይለን ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ ትል ወይም የዳቦ ሊጥ። ይኸው ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ክሩን በሌባ ጣታችን ላይ እናሳርፋለን። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲነካው ጣት ላይ ኩክ ኩክ ይላል። ንፋስ ሲሆን ሌላ ነው። ማዕበል ሲሆን ሌላ ነው። አይናችን ሌላ ቦታ ሆኖ ጣታችን ይለያል። ያኔ ይህ ዕውቀት ነው ብሎ የነገረን የለም። ጨዋታ ነበር።

እዚህ መጥቼ ማጥመድ ስጀምር ያንን ጣቴን ረሳሁት። ዕቃው ላይ ተጠመድኩ። መጀመሪያ የገዛሁት ዘንግና ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ) አንድ ላይ የታሸገ፣ 30 ዶላር የማይሞላ ነበር። ዘንጉ እንደ መጥረጊያ እንጨት ወፍራም። ክሩ የሚያልፍበት አንዱ ቀለበት ውስጡ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ እኔ አላየሁም። ሦስት ጊዜ ዓሣ ይዤ ሦስቴም ክሩ ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ነው በጣቴ ስዳስሰው እንደ ምላጭ የሆነችውን ስንጥቅ ያገኘኋት።

ከዚያ ተናድጄ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። 180 ዶላር የሚያወጣ፣ ባለሙያዎች የሚይዙት ዓይነት፣ ክሩን ከላይ የሚለቅ ሪል ገዛሁ። ቤይትካስተር ይሉታል። ሻጩ «ባስ ማለት ይህ ነው» አለኝ። ቤይትካስተር ሲወረወር ማጠንጠኛው ራሱ ይሽከረከራል። መንጠቆው ውሃ ሲነካ በአውራ ጣትህ ካላቆምከው ማጠንጠኛው መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ክሩ ይተበተባል። የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ዕቃ አይደለም። ያንን የበጋ ወራት ክር ስፈታ ነው የከረምኩት።

እዚህ ሐይቅ ላይ አንድ አዛውንት አሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ቀን የእንጨት መድረኩ ላይ አጠገባቸው ቆሜ ክር ስፈታ አይተው «ተወውና ናማ፣ ይቺን ያዛት» አሉኝ። የራሳቸውን ዘንግ ሰጡኝ። ቀላል ናት። የክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ የእርሳስ ብረት ማስጠሚያና የላስቲክ ትል አለ። ወረወርኩ። ክሩ እስኪላላ ጠበቅኩ፤ እርሳሱ መሬት ነካ ማለት ነው። «ክሩን ሌባ ጣትህ ላይ አሳርፍ» አሉኝ። «አሁን አይንህን ጨፍን። ቀስ ብለህ ሳብ።»

ሳብኩ። መጀመሪያ ልስልስ ያለ ነገር መጣ፤ ጭቃ። ትንሽ ቆይቶ ክርክር፣ ክርክር አለ፤ ጠጠር። ከዚያ እንደ ላስቲክ ወጠር አድርጎ ያዘኝና ለቀቀኝ። የውሃ ሣር ነው። «ምን አየህ?» አሉኝ። ቆዳዬ ተነሳ። ሐዋሳ ድንጋይ ላይ የተውኩት ጣቴ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ ስንት ገዙት ይህን?» አልኳቸው። «ዘንጉን 45፣ ሪሉን 50።»

እኔ ስለ ዋጋ የማስበው ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ መንገድ ነው። የምከፍለው ሐይቁ ውስጥ ያለውን ነገር ጣቴ ድረስ ለሚያመጣልኝ ዕቃ ነው። ቀለሙ፣ ሳጥኑ፣ የሻምፒዮኑ ፊርማ ለጣቴ ምንም አይነግሩትም።

ይህ ለባስ ለምን አስፈለገ? ትልቅ አፍ ያለው ባስ፣ ላርጅማውዝ የሚሉት፣ አሳዳጅ ብቻ አይደለም፤ አድፋጭ ነው። የወደቀ ዛፍ ሥር፣ ሣር ዳር ይቆማል። ትሉ አጠገቡ ሲያልፍ አፉን ድንገት ይከፍትና ውሃውን ከነትሉ ይስበዋል። ብዙ ሰው ባስ ዘንግ የሚነጥቅ ይመስለዋል። አንዳንዴ አዎ። በላስቲክ ትል ስታጠምድ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማህ አንዲት «ጠቅ» ናት። አንዳንዴ እሷም የለችም፤ ክሩ ብቻ ዝም ብሎ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ዘንግህ ደንዝዞ ይህን ካልነገረህ ባሱ ቀምሶ ይተፋዋል። መምጣቱንም አታውቅም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንግባ። 100 ዶላሩን እንዲህ ከፋፍለው፤ ለሪል 50፣ ለዘንግ 40፣ ለክር 10።

ዘንግ። ርዝመቱ ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ ይሁን። እጀታው አጠገብ የተጻፈውን አንብብ። «ሚዲየም» የሚለው ጥንካሬው ነው። «ፋስት» የሚለው ደግሞ የሚታጠፈው ጫፉ አካባቢ ብቻ ነው ማለት ነው። ሚዲየም ፋስት አንድ ዘንግ ብቻ ላለው ሰው አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ከምን ተሠራ? ፋይበርግላስ ከባድ ነው፣ ግን በቀላሉ አይሰበርም። ግራፋይት ቀላል ነው፣ ጣት ላይ በደንብ ይናገራል፤ የመኪና በር ከተዘጋበት ግን አለቀለት። ሁለቱን የቀላቀሉም አሉ። የሼክስፒር አግሊ ስቲክ ከ1976 ጀምሮ ስሙ የታወቀው በዚህ ነው። ትንሽ ከበድ ይላል፣ ጫፉም እንደ ጥሩ ግራፋይት አያወራም። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ግን እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ልጅ ዘንግ ይረግጣል። ዘንግ ይዞ ይሮጣል። መሮጥም አለበት።

ሱቅ ውስጥ ሳትገዛ አንድ ነገር አድርግ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ጥጡን አዙረው። ቀለበቱ ጥጡን ከያዘው ስንጥቅ አለ፤ ያንን ዘንግ መልሰህ ስቀል። ከዚያ ልጅህ የዘንጉን ጫፍ በጣቱ ነካ ነካ ያድርግ፣ አንተ እጀታውን ይዘህ አይንህን ጨፍን። የልጅህ ጣት ከተሰማህ ባሱም ይሰማሃል። ሻጩ ቢያይህ ግድ የለም።

ሪል። ለጀማሪ ስፒኒንግ የሚባለውን ግዛ። ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው፣ ክሩን ከፊት የሚለቀው ነው። የመጠን ቁጥሩ 2500 ወይም 3000 ይሁን። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የቤሪንግ፣ ማለት የኩሽኔታ፣ ብዛት ነው፤ 9፣ 10፣ 11። አትደንግጥለት። አምስት ደህና ቤሪንግ ከአሥራ አንድ ርካሽ ቤሪንግ ይሻላል። አንተ የምታየው ፍሬኑን ነው። እዚህ ድራግ ይሉታል፤ ለእኔ ግን ፍሬን ማለት ይቀለኛል፣ ሥራውም ያው ነው። ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ከመበጠሱ በፊት እየያዘ እየለቀቀ ይሰጠዋል። ማጠንጠኛው ጫፍ ላይ ያለችውን ቁልፍ ትንሽ አጥብቅና ማጠንጠኛውን በእጅህ አዙረው። መዞር ሲጀምር ነጠቅ ካደረገህ፣ ያዝ ለቀቅ ካለ፣ ተወው። እንደ ቅቤ መሄድ አለበት። 8 ፓውንድ የሚችል ክር ላይ ፍሬኑ ከ2 እስከ 2 ተኩል ፓውንድ ሲሳብ ይልቀቅ። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል።

ስም ከፈለግህ፣ የሺማኖ ሲየና አለ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ፍሉገር ፕሬዚደንት ትንሽ ከፍ ይላል፤ የጋሼ እሱ ነው፣ ዘይት እየቀቡ ዓመታት ተጠቅመውበታል። የዳይዋ ርካሾቹም ደህና ናቸው። ሁሉንም ከ100 ዶላር በታች ታገኛቸዋለህ።

ክር ላይ ሰው ይሰስታል፤ እኔ አልገባኝም። ሐዋሳ እኮ የነበረን ክር ብቻ ነው! ለመጀመሪያ 8 ፓውንድ ተራ ናይለን ይበቃል። ሲሳብ ይለጠጣል፣ ስህተትን ይቅር ይላል። በኋላ ጣትህ ሲነቃ ወደ ተጎነጎነው፣ ብሬድ ወደሚሉት ትሸጋገራለህ፤ እሱ እምብዛም አይለጠጥም፣ ሁሉን ይናገራል። ማጠንጠኛውን እስከ አፉ አትሙላው። ወደ 3 ሚሊ ሜትር አስተርፍ። ከወረወርክ በኋላ ደግሞ የክር መያዣ ሽቦዋን እጀታውን እያዞርክ ሳይሆን በእጅህ ዝጋት። ክር እንዳይጠማዘዝ በጣም ይረዳል፤ ዋጋውም ነጻ ነው።

ለልጁ ግን ሌላ ነው። ለ8 ዓመት ልጅ በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ ያለው ሪል ይሻላል። ዜብኮ 33 የሚባለው ከ1954 ጀምሮ አለ። ታሪኩ ደስ ይለኛል። ዜብኮ የሚለው ስም የመጣው «ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ» ከሚለው ነው። ኦክላሆማ፣ ተልሳ ውስጥ ለነዳጅ ጉድጓድ ፈንጂ የሚሠራ ድርጅት ነበር። ሃል የሚባል የቴክሳስ ሰዓት ሠሪ ክሩ የማይተበተብ ሪል አሰብኩ ብሎ መጣ፤ ተቀበሉት፣ በ1949 የመጀመሪያው ሪል ወጣ። ፈንጂው ቀርቶ ሪሉ ቀጠለ። ስንት ልጅ የመጀመሪያ ዓሣውን በዚያ ሪል እንደያዘ አስቡት።

አንድ ሰው ደግሞ ላንሳ። ጆርጅ ፔሪ ይባላል። ጆርጂያ ውስጥ ወጣት ገበሬ ነበር። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፣ ጁን 2 ቀን 1932። ሞንትጎመሪ ሌክ ሄዶ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ ያዘ። ከ10 ኪሎ በላይ ማለት ነው! ዓሣውን አስመዘነና ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጀልባ፣ ስንት በድምፅ ሞገድ ዓሣ የሚፈልግ መሣሪያ፣ ስንት የሺህ ዶላር ዘንግ መጣ። እኩል የደረሰበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ፣ በ2009፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ። 77 ዓመት ፈጀ። እኔ ሱቅ ገብቼ ውዱን ዘንግ ማየት ስጀምር ያ ገበሬ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ምን ያዝኩ? ሁለት። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ደህና፣ ወደ 3 ፓውንድ የሚጠጋ። ሁለቱንም መልሼ ለቀቅኳቸው። ደህናው ሲነካ «ጠቅ» እንኳ አላለም። ክሩ ጣቴ ላይ ትንሽ ቀለለች፣ በቃ። ወደ እኔ እየዋኘ ነበር።

ወንድሜ፣ ይህን ከሰማህ፣ ለራስህ ፈቃድ ማውጣት አትርሳ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አያስፈልገውም፣ አንተ ግን ያስፈልግሃል። ኦንላይን ይወጣል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መድረኩ ጋ ነኝ። ጋሼም አይቀሩም። ዕቃ ገና ካልገዛህ እንዲሁ ና፤ እኔ ትርፍ ክርና መንጠቆ አለኝ። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮም አዘጋጅቻለሁ። ለልጁ።