የማድረቂያ ክፍሉ ወንበር

(ለአዲስ ገቢ አዳሪ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በአቀባበል ምሽት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ ነባር ተማሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ የገባችሁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ?

የአቀባበል ንግግር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። «አንድ ቤተሰብ ነን» ይባላል፤ ይጨበጨባል። እኔን ይህ አባባል ይጎረብጠኛል። አዳሪ ቤት ቤተሰብ አይደለም። እናት የልጇን ኮቴ ከደጅ ሰምታ ሆዱ እንደባሰው ታውቃለች፤ እዚህ ግን በላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ስማችሁን ለመያዝ እንኳ ሳምንት ይፈጅበታል። እኛ ሳንመራረጥ የተሰባሰብን ጎረቤቶች ነን፤ ያውም በመካከላችን ግድግዳ የሌለ ጎረቤቶች። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለሌለው ግድግዳ ነው።

ወላጆች የምትፈሩት ልጃችሁ ብቸኝነት እንዳይሰማው ነው። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ የቆየሁባቸው ዓመታት ያሳዩኝ ግልባጩን ነው፤ አዳሪን የሚያደክመው ብቻውን መሆን አለመቻሉ ነው። ጠዋት ፊቱን የሚታጠበው ተሰልፎ ነው። የሚበላው በአዳራሽ፣ የሚያጠናው በአዳራሽ፣ የሚተኛውም በሰው ትንፋሽ መካከል ነው። ፈተና ቢወድቅ የሚያለቅስበት ጥግ የለውም። ቢደሰትም ደስታውን ለብቻው የሚያጣጥምበት ቦታ የለውም።

ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሥራው ይህንን አስተውሎታል። ሰው እንደ ወትሮው የሚተኛው አንድ ቦታ፣ የሚሠራው ሌላ ቦታ፣ የሚጫወተውም ሌላ ቦታ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ግቢና በአንድ ሥልጣን ሥር የሚጠቃለሉባቸው ተቋማት ግን አሉ ይላል። ከዘረዘራቸው መካከል እስር ቤት አለ፣ የጦር ሰፈር አለ፣ መርከብ አለ። አዳሪ ትምህርት ቤትም አለ። ወላጆች፣ አትደንግጡ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትመለሱ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ከማን ጋር እንደተመደብን አውቀን መግባት ይሻላል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አዲስ ገቢ ከእራት በኋላ ይጠፋ ነበር። መኝታ ክፍል የለም፣ ጥናት ላይ የለም፣ ሜዳም የለም። አንድ ምሽት ፍለጋ ወጥቼ ልብስ ማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። ክፍሉን ዳር እስከ ዳር በተወጠሩት ገመዶች ላይ እርጥብ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። እሱ በሁለት አንሶላዎች መካከል፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። አያለቅስም፣ አያነብም፣ ስልክም አልያዘም። ዝም ብሎ ከአንሶላው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያያል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ጥፋቱን ለመናዘዝ የተዘጋጀ ፊት ነበር። ምን እንደምለው ጠፋኝ። «ደወል ሳይደወል ግባ» ብዬው ተመለስኩ።

በማግስቱ አሮጌ ወንበር ወስጄ እዚያው አስቀመጥኩ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ወር ሳይሞላ፣ ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ሕግ ተፈጠረ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ማንም አያናግርም። ልብሱን ሊሰቅል የገባ ሰቅሎ ይወጣል። በመግቢያው ላይ ከተለጠፉት ደንቦች መካከል እንደዚህኛው የተከበረ አላየሁም፤ ከተለጠፉት ውስጥ ግማሾቹን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ይህን ስናገር ትንሽ ይቆጨኛል። እርግጥ ነው፣ የጽዳት ተራው በደረሰ ቁጥር ድንገት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሐሳብ የሚሰጥም ብልጥም ነበረን። እሱን ራሳቸው ተማሪዎቹ መጥረጊያ ጭኑ ላይ አስቀምጠውለት ወጡ። አላናገሩትም፤ ሕጉ አልተጣሰም።

የዚህ ቤት ግድግዳ የሚሠራው እንዲህ ነው። ያልተቆለፈ ቁም ሳጥን አለመክፈት፣ ክፍት በርም ቢሆን ማንኳኳት፣ ከቤቱ ጋር በስልክ የሚያወራ ልጅ ድምፁ ሲሰበር ጫማ የረሳ መስሎ ከክፍሉ መውጣት። ጫማ የረሳ መምሰል ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ዛሬ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚያለቅስ ይኖራል። ናፍቆት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 በባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ናፍቆትን እንደ በሽታ ቆጥሮ «ኖስታልጂያ» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ማለት ነው። ዛሬ በሽታ ነው የሚል ሐኪም የለም። ቢሆንም ሰውነት ላይ እንደሚያርፍ በትራሱ ውስጥ ያለቀሰ ሁሉ ያውቀዋል። ትራስ ውስጥ የሚለቀስ ልቅሶ ሲሰማ አለመስማት ደግነት ነው ብለን ነባሮች ለአዲሶች እናስተምራለን። እኔም ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። አንድ ሌሊት ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ። የ14 ዓመት አዳሪ ነበርኩ። ከእኔ በታች የሚተኛው ልጅ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ሰምተናል፤ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን የተኛን መሰልን። ናፍቆት ነው፣ ይለፍለት፣ አናሳፍረው አልን። የጠዋቱ ደወል ሲደወል መነሳት አልቻለም። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። በቀዶ ሕክምና ተረፈ። ከሳምንታት በኋላ ከስቶ ተመለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በንዴት ሳይሆን እንዲሁ ለማወቅ ያህል፣ «ሰምታችሁኝ ነበር?» አለን። አልሰማንም አልነው። እኔ ነኝ ቀድሜ ያልኩት።

ሰውን በጥጉ መተውና ሰውን ጥሎ መተው ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ናቸው። በጨለማ ደግሞ ጭራሽ አይለዩም። ለዚህ መፍትሔው አንዲት አጭር ጥያቄ ናት፤ «ውሃ ላምጣልህ?» ለሴት ልጅ «ላምጣልሽ?» ምን ሆነህ ነው አትልም፣ መብራት አታበራም፣ ሌላውን አትቀሰቅስም። ናፍቆት የያዘው «ተወው» ይልሃል፤ ትተኛለህ። የታመመው ግን የሚናገርበት ቀዳዳ አገኘ ማለት ነው። ድምፁ ካላማረህ፣ ወይም መልስ ካጣህ፣ ተረኛውን ትጠራለህ። እኔም ብሆን በማንኛውም ሰዓት በሬ ይንኳኳ። በከንቱ ስለተቀሰቀስኩ የተቆጣሁት ተማሪ የለም፤ ባልቀሰቀሱኝ ግን ተቆጥቻለሁ። የማድረቂያ ክፍሉ ወንበርም እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ተከታትሎ ከተቀመጠበት ሕጉ ይነሳል፤ አንድ ሰው ሄዶ አጠገቡ ይቆማል።

ነባሮች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1382 የተመሠረተው የዊንቸስተር ትምህርት ቤት 70 ተማሪዎችን በጥቂት ክፍሎች ያሳድር ነበር፤ መሥራቹ ባወጣው ደንብ መሠረትም በየክፍሉ በዕድሜ ከፍ ያሉት ታናናሾቻቸውን ይጠብቁ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። ዘመን ሲገፋ ግን በዚያው አገር ብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ታናሹ ለታላቁ ተላላኪና ጫማ ወልዋይ ሆኖ ቀረ፤ ልማዱም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። ጠባቂነት ወደ ጌትነት ለመዞር አዋጅ አያስፈልገውም፤ «እስቲ ፎጣዬን አቀብለኝ» ይበቃዋል። ፎጣችሁን ራሳችሁ አንሡ።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ስልክ ተደውሎ «ውሰዱኝ» ትባሉ ይሆናል። ልጁ ያንን ብሎ ሲጨርስ የሚቀልለው ብዙ ጊዜ እሱን ነው፤ እናንተ ስታድሩበት እሱ ይተኛል። በዚያው ሌሊት መኪና አታስነሱ፤ ለእኔ ደውሉልኝ፣ ሄጄ አየዋለሁ። ነገር ግን ልጃችሁ የሚፈራው ሰው ወይም ክፍል እንዳለ ከነገራችሁ፣ ናፍቆት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ እኔም አላልፈውም።

ስለ እንቅልፍ አጭር ነገር ብቻ። ለእናንተ ዕድሜ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በጉርምስና ወቅት እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን ከልጅነት ጊዜ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚመነጭ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ዓይናችሁ ገና ፈጦ ቢገኝ ስንፍና አይደለም። መብራቱ ግን ይጠፋል። ደወሉ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ከእኔ ጋር ብትከራከሩም እሱ አይሰማም።

አሁን ተሰነባበቱ፤ በር ላይ ብዙ አትቁሙ። አንሶላና ብርድ ልብስ በየአልጋችሁ ላይ ታጥፎ ይጠብቃችኋል። ማድረቂያ ክፍሉ ከደረጃው ሥር በስተግራ ነው፤ አይቆለፍም። የወንበሩ አንድ እግር አጥሮ ስለሚንገዳገድ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አድርገንለታል። እባካችሁ ካርቶኑን አታንሱት።